አባቴ ሁለቴ ያዩት ሀገር

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ዘሃራ ሱቅ ደጃፍ ላይ የላምባ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቆምሁ። ዘሃራ የልጅነት ባልንጀራዬ ናት፤ ሱቁ የአባቷ ነበር፣ ቀጥሎ የባሏ ሆነ፣ ባሏ ሲሞት ለእሷ ቀረ። የላምባውን በርሜል ከጓዳ አስወጥታ በሩ ሥር አቁማዋለች፤ በጎማ ቱቦ እየሳበች በቢራ ጠርሙስ ትቀዳለች፤ ሰዉ ጠርሙሱን ይዞ ተሰልፏል። በከተማችን መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። መጀመሪያ ሰሞን መቼ ይመጣል እያልን እንጠያየቅ ነበር፤ አሁን ጥያቄውም ቀርቷል። ከተሰለፉት መካከል አንዲት አዲስ ሙሽራ የምትመስል ወጣት ጠርሙሷን አሽትታ ፊቷን አጨማደደችና ይህ ነገር እንዴት እንደሚለኮስ ጠየቀች። ዘሃራ ከቆርቆሮ ጣሳ ኩራዝ እንዴት እንደሚሠራ፣ ክሩ ከምን እንደሚገመድ፣ ጭሱ ግድግዳ እንዳያጠቁር የት ቢቀመጥ እንደሚሻል ረጋ ብላ አስረዳቻት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ሁለታችንም ይህን ትምህርት ለሰው የምንሰጥበት ቀን ይመጣል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

ልጅነቴ በሙሉ የሚሸተው ላምባ ነው። የተወለድሁት ከገሳይ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጉና ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ በግ የሚረባበት፣ ጤፍ ከቆላው ተጭኖ የሚመጣበት ብርዳም አገር ነው። ወንዱ ሁሉ ጥቁር በርኖስ ደርቦ ሲወጣ አባቴ ብቻ የወታደር ካፖርት ይለብሱ ነበር፤ ረጅም፣ አረንጓዴ፣ ቁልፎቹ እሑድ እሑድ በአመድ እየተፈተጉ የሚያብረቀርቁ። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ይባላሉ። ጢማቸው በቅጡ ሳይበቅል ተመልምለው፣ በመርከብ ተጭነው፣ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ሰው ናቸው። እኔ ስወለድ ከዘመቻ ከተመለሱ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ነገር ግን ኩራዙ በተለኮሰ ቁጥር ስለዚያ ሀገር ያወሩልን ስለነበር ያየሁት ያህል አውቀዋለሁ። ቤቱ የሣር ነው፤ እሱም ተቃጥሏል። ልጆቹ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እግራቸው እንደ ጭራሮ ቀጥኖ፣ በበረዶ ላይ በባዶ እግራቸው ወታደሩን ይከተላሉ። እናቶቹ የዛፍ ልጥ ይቀቅላሉ። አባቴና ጓዶቻቸው ከስንቃቸው እየቀነሱ ይሰጧቸው ነበር፤ አንዲት ልጅ ባዶውን የሥጋ ጣሳ ስትልስ ከንፈሯን ቆርቆሮው ቆርጧት፣ ደሟን ከመረቁ ጋር አብራ ስትውጥ አይተዋል። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይወርድና መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ፣ እግዜር ይመስገን፣ እኛስ አልጎደለብንም ይሉ ነበር።

እኛ ቤት ድህነት ማለት ኮሪያ ማለት ነበር። እናቴ የገብስ ቂጣ ጫፍ ትተን ስንነሳ፣ የኮሪያ ልጅ ይህን ቢያገኝ ምን ባለ ነበር እያለች ትቆጣናለች። በበጋ ከስቶ አጥንቱ የሚቆጠር ጥጃ ካለ ስሙን ኮሪያ እንለው ነበር። በዓለም ላይ ከእኛ በታች የሆነ ሕዝብ እንዳለ ማወቅ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው፣ ብርዱን ያቀልልን ነበር።

ትምህርት ቤት እንድገባ ብለው አባቴ ደብረ ታቦር ላይ ቤት ሠሩ። ጣራው ቆርቆሮ ነበር። በዚያ ሰፈር ቆርቆሮ ክዳን ገና ብርቅ ስለነበር የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ጎረቤቶች ድምፁን ለመስማት መጥተው እልፍኝ ተቀምጠው ነበር፤ እርስ በርስ መሰማማት አቅቷቸው በጥቅሻ እያወሩ ሲስቁ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ በአምስት ሳንቲም ነው፤ ከስኳሩ ላይ ጨምሩልኝ ያለን ሰው አይቆጡትም። ስሙኒ የያዘ ልጅ ፓስቲውን በልቶ፣ ከረሜላውን ገዝቶ፣ መልስ ይዞ ቤቱ ይገባል። የዘሃራ አባት ሱቅ ግድግዳው ሙሉ ጨርቅ ነበር፤ አቡጀዲው በአንድ ወገን፣ አበባ ያለበት ቺት በሌላ ወገን፣ ካኪው ከላይ። እኔና ዘሃራ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠን የተቀደደ ቁራጭ ጨርቅ ስንለቅም ከላይ የመቀሱ ድምፅ ይሰማን ነበር። ከገጠር የሚመጣው ሰው የጎማ በረባሶውን ከተማው መግቢያ ላይ ያጥባል፤ ከተሜው ኮንጎ ጫማ ያደርጋል። ትንሽ ቆይቶ ጎረምሶቹ ቦላሌ ሱሪ ለብሰው፣ ጠጉራቸውን አጎፍረው፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ ባለው መሸታ ቤት ጥግ ላይ መቆም ጀመሩ። እዚያ የሸክላ ማጫወቻ ነበር። አንደኛው ሸክላ ስለተጫረ ዘፋኙ «ነይ» የምትለዋን ቃል ሳይደጋግም አያልፋትም ነበር። ዘፈኑ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ መንገደኛው ሁሉ አብሮ ይል ነበር፤ ነይ፣ ነይ፣ ነይ። ከብዙ ዘመን በኋላ ባሕር ዳር ዘፈኑን በደህና ካሴት ስሰማው የጎደለ ነገር ያለው መሰለኝ።

ያን ዘመን ጥሩ ነበር ብዬ ላታልል አልፈልግም። እናቴ ከወለደቻቸው መካከል አፈር የበላቸው ወንድሞቼ ቁጥር ቤት ውስጥ ካለነው ይበልጥ ነበር፤ ይህም በሰፈሩ እንደ ልዩ ነገር አይታይም። ግን ሁላችንም ወደ ፊት እየሄድን እንደሆነ እናምን ነበር። አባቴ ሀገር ሁሉ በተራ የተሰለፈ ይመስላቸው ነበር፤ ፈረንጅ ፊት፣ እኛ መሐል፣ ኮሪያ ከኋላ። ሰልፉ እየተጓዘ ነው፤ ተራ ይደርሰናል። እኔም ይህንኑ አምኜ አደግሁ፤ የጂኦግራፊ መምህርት ሆኜም ይህንኑ ባማረ ቋንቋ አስተማርሁ። ያደጉ ሀገሮች፣ በማደግ ላይ ያሉ ሀገሮች እያልሁ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ «በማደግ ላይ» የሚለው ቃል ደስ ይለኝ ነበር። የሚሄድ ነገር ያለበት ቃል ነው።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ዝናብ ከቀረ በኋላ ከምሥራቅ በኩል፣ ከቆላውም ከደጋውም፣ ሰው በአስፋልቱ ሳይሆን በሜዳው እየፈሰሰ ወደ ከተማችን ገባ። አስፋልት አልሁ እንጂ ያን ጊዜ ጠጠር መንገድ ነበር። አባቴ ጎተራቸውን ከፍተው ያላቸውን ሰጡ። አንድ ቀን ጠዋት ካፖርታቸውን ደርበው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጥሩ ሥር የተቀመጡ ልጆች አይተው ቆሙ። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ እግራቸው ቀጥኗል። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ረጅም ጊዜ ቆመው ቀሩ። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ለእናቴ፣ ይህን እኮ አይቼዋለሁ አሏት። እናቴም ነገሩ ገባት። ከዚያ ቀን በኋላ የኮሪያን ወሬ አባቴ ለዓመታት አላነሱም።

ሳያነሱት ሀገሩ ራሱ መጣ። ሰይድ፣ የዘሃራ ባል፣ ከአስመራም ከአዲስ አበባም ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ነበር። አንድ ዓመት ባለ ካሴት ሬዲዮ አመጣ፤ ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ያለው። አባቴ ዋጋውን ሊጠይቁ እኔን አስከትለው ገብተው የት ሀገር ሥራ እንደሆነ ጠየቁት። ኮሪያ ነው አላቸው። አባቴ ሳቁ። እነዚያ ሰዎች ማንኪያ እንኳ የላቸውም፣ ጃፓን ነው በል አሉት። ሰይድ ትሁት ሰው ነበርና አልተከራከረም፤ ሬዲዮውን ገልብጦ ከሥሩ የተጻፈውን ለእኔ አሳየኝና አንብቢላቸው አለኝ። አነበብሁላቸው። አባቴ ሬዲዮውን ተቀብለው እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላበጡት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ሳይገዙት ወጡ። ሰይድ ኋላ እንደነገረኝ የፈራ ሰው ፊት ነበር ፊታቸው። እኔ ግን ያን ጊዜ ቅናት መስሎኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ መንግሥትም ተለወጠ፤ እናቴ ሞተች፤ እኔ አግብቼ ዳዊትንና መቅደስን ወለድሁ፤ ባሌ በመኪና አደጋ ቀደመኝ። አባቴ አብረውኝ ነበሩ፤ ካፖርታቸው ግን አልቆ ቁልፎቹ ብቻ ቀርተው ነበር። አንድ ቀን ኮሪያ የዘመቱ ሽማግሌዎች ሀገሩን ዳግም እንዲያዩ ተጋብዘዋል ተባለ። አባቴ አልሄድም ብለው ነበር፤ ልጆቼ ናቸው የለመኗቸው። ሰይድ በሕይወት ነበርና ግራጫ ሙሉ ልብስ በነጻ አሰፋላቸው። ሲሄዱ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ሠርግ ሸኛቸው።

ሲመለሱ ቤቱ በሰው ሞልቶ ጠበቃቸው። ሰው የጠበቀው ወሬ ነበር፤ አባቴ ግን ጥቂት ብቻ ነገሩን። የተዋጉበትን ኮረብታ አሳዩኝ ይሉ እንደነበር፣ ወስደው ሲያሳዩዋቸው በደን ተሸፍኖ ስለነበር እንዳላወቁት፣ ወንዙንም በድልድዩ ብዛት እንደሳቱት። ሰው በተሰበሰበበት አንዲት የእሳቸው እኩያ የሆነች ሴት መጥታ መሬት ላይ ተደፍታ እጅ ነሳቻቸው፤ ተነሽ እያሉ እያለቀሱ አብረዋት ተንበረከኩ። የሣር ቤቶቹ ሰዎች የት ደረሱ ብለው አስተርጓሚውን ጠየቁት። አስተርጓሚው ከመስኮቱ ውጭ፣ እስከ ሰማይ ወደሚደርሱት ሕንፃዎች አሳይቶ፣ እነዚያው ናቸው አላቸው። ሌላ ሰው አልመጣም፤ ልጆቻቸውና እነሱው ናቸው። ይህን ብለው አባቴ ደክሞኛል አሉና ተኙ። ያመጡልኝን ብርድ ልብስ ሳልፈታው ብዙ ጊዜ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ ጋፋት መሄድ ለመዱ። ከከተማው ብዙም አይርቅም፤ እግረ መንገድ፣ እርሻና ግጦሽ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በነበረው ንጉሥ ዘመን ባለሙያ ተሰብስቦ ብረት የቀለጠበት፣ መድፍ የተሠራበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ላም ይግጥበታል። አንድ ቅዳሜ ብርዱ እንዳይመታቸው ፎጣ ይዤላቸው ተከተልኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምን እንደሚያዩ ጠየቅኋቸው።

«ሀገር እንደ ጉና በተቀመጠበት የሚኖር ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። «ለካ ይንቀሳቀሳል። እነሱ በአንድ ሰው ዕድሜ ያን ያህል ከወጡ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ያን ያህል መውረድም አለ ማለት ነው። ማን ይከለክለዋል?»

«እኛ ደግሞ ምን ላይ ወጥተን እንወርዳለን፣ አባዬ?» አልኋቸው፤ ላስቃቸው ነበር።

አልሳቁም። «ያለንበት ታች አይደለም፤» አሉ። «ታቹን እኔ አይቼዋለሁ።»

ፎጣውን አልብሻቸው ተመለስን። ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እህሉ አሽቷል፤ መንገዱ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ሰላም ይለናል። እርጅና ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

ኮሪያዎቹ ከዘማቾች የልጅ ልጆች መካከል ለትምህርት የሚወስዱ መሆናቸው ሲሰማ አባቴ እንደገና ጉልበት አገኙ። ዕድሉ ከአንድ ቤት ለአንድ ልጅ ብቻ ነው። ሁለቱም ልጆቼ ጎበዞች ነበሩ። አባቴ አንዱ በዚህ፣ ሌላዋ ባገኘችው መንገድ፣ ሁለቱም ይውጡ አሉ። እኔ ተቆጣሁ፤ ሀገሩን ለማን ትተን ነው አልኋቸው። ነገሩን የቆረጠችው መቅደስ ናት። ገና ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ ነበር። እኔ አዋላጅ ነርስ እሆናለሁ፣ አያቴ ያሳደጉኝ አገር ሴቶቹ በወሊድ እያለቁ የት እሄዳለሁ ብላ ቅጹን ለወንድሟ ገፋችለት። ዳዊት ሄደ። አባቴ በዚያው ዓመት ክረምት አረፉ። መቅደስን እስከ መጨረሻው ቀን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ለረጅም ጊዜ አባቴ ተሳስተዋል ብዬ አምን ነበር፤ የማምንበትም ምክንያት ነበረኝ። መንገዱ በእርግጥ አስፋልት ሆነ። መብራት ከከተማው አልፎ ገሳይ ገባ፤ ከገሳይ አልፎ እኔ የተወለድሁበት ዳገት ላይ ደረሰ። ሣር ክዳን ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግርበት ጊዜ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ባጃጅ እንደ አንበጣ ፈላ፤ ድንች የምትሸጥ ሴት በስልኳ የባሕር ዳርን ዋጋ ጠይቃ ትሸጣለች። መቅደስ ገሳይ ጤና ጣቢያ ተመደበች፤ ታደለ የሚባል ጨዋ መምህር አገባች። ስትመጣ ስለ ሥራዋ ትነግረኝ ነበር፤ አምቡላንሱ እስከ ጉና ሥር ወጥቶ ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ እንደሚመለስ፣ ከብዙ ጊዜ ወዲህ እናት እጇ ላይ ሞታባት እንደማታውቅ። እናቴን አስባት ነበር። በእናትና በልጅ ልጅ መካከል ይህን ያህል መንገድ ተሂዷል። ዳዊት ከዚያ ሀገር ሲደውል የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ የሚሞቅ ወለሉን ሲነግረን እኔና መቅደስ እንስቅ ነበር እንጂ አንቀናም። እኛም ተራችንን ይዘናል። ሰልፉ ይሄዳል።

መቼ እንደቆመ በትክክል መናገር አልችልም። መጀመሪያ አውቶቡሱ በየቀኑ መምጣቱ ቀርቶ አንዳንድ ቀን ብቻ ሆነ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ የሚለው ቃል እንደ ዝናብ ጣለ የሚል ተራ ወሬ ሆነ። ተኩስ ከሩቅ ይሰማል፤ ሲቀርብ በር እንዘጋለን፤ ሲርቅ ገበያ እንወጣለን። የታደለ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዳግመኛ አልተከፈተም፤ ወንበሮቹ ተፈልጠው ማገዶ ሆኑ። ኔትወርክ ጠፋ። በዘሃራ ሱቅ ስኳር ሲኖር ዘይት የለም፤ ዘይት ሲኖር ሳሙና የለም፤ ሻይ በአምስት ሳንቲም ጠጥቼ ነበር ብል የሰፈሩ ልጆች ሳንቲም ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል።

በዚህ መካከል ሁለቱም ልጆቼ ልጅ ሊያገኙ ሆነ። የዳዊት ሚስት ቀድማ ወለደች። ኔትወርክ በመጣበት አንድ ቀን ፎቶውን ላከልን፤ ነጭ ክፍል፣ ነጭ ልብስ፣ ከልጁ የሚበዛ ማሽን። ወላድ ከሆስፒታል ስትወጣ ቤቷ አትገባም፤ አራስ ብቻ የሚቀመጥበት ቤት አለ፣ እዚያ ሾርባ እያበሏት ሌላ ሰው ልጁን ይይዝላታል አለን። መቅደስ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ሳቀችና እኔን ማን ያርሰኝ ይሆን አለች። እኔ አለሁ አልኋት። ምጧ ሊደርስ ሲል መጥታ እኔ ዘንድ ልትወልድ ተስማምተን ተለያየን። መንገዱ ግን አልተከፈተም።

አንድ ጠዋት ከገሳይ በእግሩ የመጣ ነጋዴ በሬን አንኳኳ። ታደለ ነው የላከኝ፣ ልጅዎን ምጥ ይዟታል አለኝ። መኪና የሚባል የለም። ዘሃራ የባሏን ወንድም በቅሎ አስጭና አመጣችልኝ፤ ነጋዴውም ልሸኝዎ ብሎ ተመለሰ። በዚህ ዕድሜዬ በቅሎ ላይ ወጣሁ። በአስፋልቱ መሐል እየሄድን ከእኛ በቀር ማንም የለም። የተቃጠለ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር፤ ጎማው ቀልጦ አስፋልቱ ላይ ተጣብቋል። ገብስ የሚያጭዱ ገበሬዎች አየሁ፤ አንዳቸውም ቀና ብለው እንደምን ዋላችሁ አላሉንም። በአገራችን መንገደኛን ሰላም የማይል ገበሬ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። አንድ መታጠፊያ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። የማን ወገን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ልጄ ምጥ ላይ ናት ስላቸው አንደኛው ወደ ጎን ሆነ። ካለፍን በኋላ እስክንርቅ ድረስ ዞሬ አላየሁም።

ጤና ጣቢያው ስደርስ ልጅቱ ተወልዳለች። ታደለ በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፏታል። መቅደስ አልጋው ላይ ነበረች። ፊቷ እንደ ሰም ሆኗል። ከሥሯ ያለው አንሶላ ቀለሙ አይታወቅም። ደም የሚያቆመው መርፌ በማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ ኃይሉ ይጠፋል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ከመብራቱ ጋር ሞቷል። የሥራ ባልደረባዋ መርፌውን ወግታት ምንም አልሠራም። መቅደስ ይህን ከማንም በፊት ታውቅ ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ በተቆራረጠ ድምፅ፣ ለባልደረባዋ ሆዷን የት እንደምትጫን፣ እንዴት እንደምታሽ ትነግራታለች። ሌላ ሴት ላይ የምትሠራውን ሥራ በራሷ ላይ ታሠራለች። እኔ እጇን ያዝሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ባልደረባዋ ላቧ እየተንጠባጠበ ስታሽ ዋለች፤ ሲደክማት በመቅደስ ምልክት እኔ ተተካሁ። ያ ሆድ እኔ የወለድኋት ልጅ ሆድ ነው። ከቀትር በኋላ ደሙ ቀነሰ። ከዚያ ቆመ። ማንም ደስ ያለው አልነበረም፤ ሁላችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥቂት አጥሚት ተጎነጨች። ልጅቱን ደረቷ ላይ አደረግንላት። እያየቻት ብዙ ቆየችና ጠራችኝ።

«እማዬ፣ ይህችን ልጅ ዳዊት ጋ ላኪያት።»

ደም ስለፈሰሰሽ ነው፣ ጠጪ፣ ተኚ አልኋት።

«አእምሮዬ ደህና ነው። ደሜ ሲፈስ አስቤ የጨረስሁት ነገር ነው።»

«አንቺስ?» አልኋት።

«እኔ ሥራ አለኝ። ከእኔ ቀጥለው የሚወልዱ አሉ።»

ታደለን አየሁት። በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ያያል፤ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ የሚቃወም ጀርባ አልነበረም። በሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርሁት፣ ለአባቴ የመለስሁላቸው መልስ ሁሉ ነበረኝ፤ ግን እሺ አልኋት።

ኔትወርክ የመጣ ዕለት ለዳዊት ነገርሁት። መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ አምቡላንስ አልጠራችሁም ወይ ብሎ ነው። አምቡላንሱ ሥራ ካቆመ ገና ብዙ ዘመን አልሆነውም። የመንገዱንም የማቀዝቀዣውንም ነገር ነገርሁት። ከዚያ እወስዳታለሁ አለኝ። ሚስቱም ተስማምታለች።

ልጅቱ ክርስትና ከተነሳች ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ መጣች፤ ገሳይ አካባቢ ተኩሱ በርትቶ ነበር። መቅደስ ጡቷን አስጥላት ነው የላከቻት። ወረቀቱ ገና ነው፤ ቢሮው አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰውም መንገድ እንዲሁ። እስከዚያ እኔ ነኝ የማሳድጋት። የዱቄት ወተቱን ዘሃራ ከየትም ፈልጋ ታመጣልኛለች። ጥርስ አብቅላለች። ድምፅ ሲሰማ አትደነግጥም፤ ይህ ነገሯ ያሳስበኛል። በር ቢወድቅ፣ ነጎድጓድ ቢመታ፣ ሌላም ቢሆን፣ ቀና ብላ ፊቴን ታያለች፤ እኔ ካልተንቀሳቀስሁ ጨዋታዋን ትቀጥላለች።

መቅደስ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ትመጣለች። ባለፈው እሑድ በእግሯ መጣች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ከስታለች። ከደጁ ጀምራ እጇን ዘርግታ ልጅቱን ጠራቻት። ልጅቱ አየቻትና ዞራ አንገቴ ሥር ተሸሸገች። ልሰጣት ስሞክር በሁለት እጇ ነጠላዬን ጨምድዳ ይዛ አለቀሰች። ነይ፣ እናትሽ እኮ ናት እያልሁ ጣቶቿን አንድ በአንድ ላላቅቅ ስታገል መቅደስ እጄን ያዘችኝ።

«ተያት፣ እማዬ» አለችኝ። «ይሻላል። ትልመደው።»

ፊቷን ታጠበች፣ ሻይዋን ጠጣች። መንገዱ ሳይዘጋባት ለመድረስ ገና በጠራራ ፀሐይ ተነስታ ሄደች።